ሱስ ካቆሙ በኋላ፦ አብሮ ስለ መቀመጥ

የዛሬው የጥናት ርእሳችን ከሱስ ስለ መውጣት ነው፤ በተለይ ደግሞ ከወጡ በኋላ ሳይመለሱ ስለ መቆየት። ርእሱን አይታ «ይሄ የወንዶች ነገር ነው» ብላ ገጹን የምትገለብጥ እህት ትኖር ይሆናል። ትንሽ ታገሺኝ። ሱስ ማለት ጫትና መጠጥ ብቻ አይደለም። ወገባችን ሲቆረጥ የምንውጠው ትራማዶል አለ፤ እንቅልፍ እምቢ ሲለን ማዳም ከራሷ መሳቢያ አውጥታ የምትሰጠን ኪኒን አለ፤ ቤተሰቡ ሁሉ ከተኛ በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ በሻይ ብርጭቆ የሚቀዳ ዐረቅም አለ። ራሷ ምንም የማትነካ፣ ግን በየወሩ የምትልከው ብር አገር ቤት ጫት ተራ የሚገባባት እህትስ ስንት ናት? ይህ ትምህርት ለእርሷም ነው።

በርጫም ማኅበር ነው

ሱስ ያቆመ ሰው ለምን ተመልሶ ይገባል? ሐኪሞች ስለ አንጎል ያስረዱናል፤ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ሁላችንም ከምናውቀው ከበርጫው ልጀምር። አገር ቤት ጫት የሚቅም ሰው ብዙውን ጊዜ ብቻውን አይቅምም። ፍራሽ ይነጠፋል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ቡናው ይፈላል፣ ኦቾሎኒው ይቀርባል፣ ወሬው ይደራል። ሲመሽ ደግሞ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ተብሎ ወደ መጠጥ ይኬዳል። ምን አለፋችሁ፣ በርጫ ራሱ ማኅበር ነው። ሰዓት አለው፣ ቦታ አለው፣ የቀረ ሰው ይፈለጋል፣ ገንዘብ ላጠረው ይሞላለታል።

እንግዲህ አንድ ልጅ «ጫት አቆምኩ» ሲል ያጣው ቅጠሉን ብቻ አይደለም። ከምሳ በኋላ እስከ ማታ አብረውት የሚቀመጡትን ሰዎች በሙሉ ነው ያጣው። ድብርቱም፣ የእንቅልፍ ብዛቱም፣ ቅዠቱም ከቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ባለው ጊዜ እየቀለለ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ባዶነት ግን አይቀልም፤ ሐራራው የሚነሣው በዚያ ሰዓት ነው። እናት «ልጄ ተወው እኮ!» ብላ ደስ ብሏት እልል ባለች በሦስተኛው ወር ተመልሶ የምታገኘው ለዚህ ነው። ሁሉም ስለ ማቆሙ ተጨነቀለት እንጂ ካቆመ በኋላ ከማን ጋር እንደሚውል ማንም አላሰበለትም።

የእኛ ነገር ደግሞ በተቃራኒው ነው። ሰው ቤት የምትሠራ ሴት ሱስ የሚይዛት ብቻዋን ሆና ነው። ኪኒኑን ስትውጥ ማንም አያያትም፤ ስላላያትም ማንም አይጠይቃት። እሑድ ኅብረት ስትመጣ ነጠላዋን ለብሳ ትዘምራለች፣ ሰኞ ወደዚያው ክፍል ትመለሳለች። እንደ በርጫው ልጅ የምታጣው ጓደኛ የላትም፤ መጀመሪያውኑም ብቻዋን ነበረች። ለሁለቱም ግን የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው፦ በዚያው መንገድ ያለፈ ሰው አጠገብ፣ በቋሚነት፣ ለዓመታት መቀመጥ። ይህ እንዴት እንደ ተጀመረ ታሪኩን እንይ።

ስልክ የደወለው ሰው

በፈረንጆቹ ሜይ 1935 ቢል ዊልሰን የሚባል የኒው ዮርክ የአክሲዮን ነጋዴ ለሥራ አክሮን ወደምትባል የአሜሪካ ከተማ ሄደ። ለብዙ ዓመታት ጠጥቶ ሥራውንም ትዳሩንም ካናጋ በኋላ ከዲሴምበር 1934 ወዲህ መጠጥ አልቀመሰም ነበር። የሄደበት ጉዳይ ከሸፈበት። በሆቴሉ መግቢያ ላይ ብቻውን ቆሞ የመጠጥ ቤቱን ሳቅና ጫጫታ ይሰማል። አልገባም። ወደ ስልኩ ሄዶ በአብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር ላይ ላገኘው ቄስ ደወለ። የጠየቀውን ልብ በሉ፦ «የሚጸልይልኝ ሰው» አላለም፣ «የሚመክረኝ» አላለም። የማነጋግረው ሌላ ጠጪ ፈልጉልኝ ነው ያለው።

በሰው በሰው ዶክተር ሮበርት ስሚዝ ከሚባል ቀዶ ሐኪም ጋር አገናኙት። ዶክተሩ ሩብ ሰዓት ብቻ ልስማው ብሎ መጥቶ ለሰዓታት ተቀመጠ። ከዚያ በፊት ምክር አጥቶ አይደለም፤ ሚስቱም ወዳጆቹም ሲለምኑት ኖረዋል፣ የጸሎት ስብሰባም ይሄድ ነበር። ይኼኛው ሰው ግን የራሱን ጉድ ነገረው እንጂ አልገሠጸውም። ዶክተሩ ከዚያም በኋላ አንድ ጊዜ ተመልሶ ወድቋል። ጁን 10 ቀን 1935 የመጨረሻውን መጠጥ ጠጣ፤ ኖቬምበር 1950 እስከሞተበት ቀን ድረስ አልተመለሰም። ያ ቀን «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ»፣ በእኛ አነጋገር ስማቸውን የማይገልጹ ጠጪዎች ማኅበር፣ የተመሠረተበት ሆኖ ይቆጠራል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቢል ወደ አክሮን ከመሄዱ በፊት ለወራት ኒው ዮርክ ውስጥ ሰካራሞችን ቤቱ ድረስ እያመጣ ሲረዳ ነበር፤ አንዳቸውም አልቆሙም። ተስፋ ቆርጦ ለሚስቱ ለሎይስ ሲነግራት፣ እነርሱ ባይቆሙም አንተ ግን አልጠጣህም እኮ ብላ አሳየችው። (ያስተዋለችው ሴት መሆኗን አትለፉት!) የማኅበሩ ምሥጢር ያ ነው። የምትረዳዋ እህት ብትቆምም ባትቆምም፣ መርዳቷ ራሷን ረጂዋን ያቆያታል። ስለዚህ በዚህ ዓይነት ቡድን ውስጥ ለጋሽና ተቀባይ ብሎ ነገር የለም፤ አሥር ዓመት የቆየችው ትናንት የመጣችውን ትፈልጋታለች።

በ1939 አሥራ ሁለቱን ደረጃዎች የያዘው መጽሐፋቸው ወጣ። ባጭሩ፦ በራሴ ኃይል አልቻልኩም ብሎ ማመን፣ ራስን ለእግዚአብሔር መስጠት፣ በደልን መርምሮ ለሌላ ሰው መናገር፣ የበደሉትን መካስ፣ ሌላውን መርዳት። ንስሐ ለምናውቅ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እንዲያውም የመጀመሪያዎቹ አባላት የያዕቆብን መልእክት አዘውትረው ያነቡ ነበር፤ ምዕራፍ 5 ቁጥር 16ን አውጥታችሁ አንብቡና ለምን እንደሆነ ተነጋገሩ።

በ1953 በካሊፎርኒያ በጂሚ ኪነን አነሳሽነት ለዕፅ ሱሰኞች «ናርኮቲክስ አኖኒመስ» ተጀመረ። ዛሬ ይህ ማኅበር እጅግ ከተስፋፋባቸው የዓለም አገሮች አንዷ እዚሁ ሠፈራችን ያለችው ኢራን ናት። ሙስሊሞች ናቸው፤ ደረጃዎቹን በራሳቸው እምነት ይከተላሉ። ይህን የምለው «የፈረንጅ ነገር ነው» ወይም «የእነ እገሌ ሃይማኖት ነው» ለምትል እህት ነው።

ይሠራል ወይ? በ2020 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ድርጅት 10,565 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 27 ጥናቶች አንድ ላይ አይቷል። በባለሙያ ረዳትነት ወደ ጠጪዎቹ ማኅበር እንዲገቡ የተደረጉ ሰዎች፣ ሌላ የታወቀ የምክር ሕክምና ካገኙት ይልቅ ጨርሶ ሳይጠጡ በመቆየት በልጠው ተገኝተዋል። በዕፅ ሱስ ላይ ያለው ማስረጃ ግን የመጠጡን ያህል ብዙ አይደለም።

ስብሰባው ምን ይመስላል?

አንድ ሰዓት ወይም ትንሽ ዘለግ ያለ ነው። ቀኑና ሰዓቱ አይቀያየርም፤ ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሐራራ ሐሙስ ማታ ስትነሣ «እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ብቻ» ማለት የሚቻለው እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩ እንደሚከፈት ሲታወቅ ነው። ወንበሩ ክብ ሆኖ ይቀመጣል። ተራ የደረሳት ሦስት አራት ደቂቃ ስለ ራሷ ትናገራለች፤ መናገር ካልፈለገች ታልፋለች። የአባት ስም አይጠየቅም። አንዷ ስትናገር ሌላዋ አታቋርጥም፣ አትመክርም፣ «እኔ ብሆን ኖሮ» አትልም። ይህ ለእኛ ከሁሉ የሚከብደን ነው! ሰው ሲያለቅስ እያየን ዝም ማለት አልለመድንም፤ አይዞሽ ብለን አቅፈን በቃል እንሞላዋለን። ዝምታው ግን ይሠራል። ምክር እንደማይመጣባት ያወቀች ሴት እውነቱን ትናገራለች።

ቀን ይቆጠራል። «እስከ ዕለተ ሞቴ አልነካም» ብሎ መማል የለም፤ ዛሬን ብቻ ነው። የሠላሳኛው ቀን፣ የዘጠናኛው ቀን፣ የዓመቱ ቀን ሲደርስ በጭብጨባ ምልክት ይሰጣል። ቆየት ያለችው እህት አዲሲቷን ትይዛታለች፤ በመሐል ሳምንት የሚደወልላት እርሷ ናት። በእንግሊዝኛ ይህችን ሰው «ስፖንሰር» ይሏታል። ኧረ እኛ ዘንድ ይህ ቃል አይሆንም! ስፖንሰር ሲባል ፓስፖርታችንን የያዘው ካፊል ነው ትዝ የሚለን። «አጋዥ እህት» ብንላት ይሻላል።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ማኅበሮቹ ከውጭ ሰው መዋጮ አይቀበሉም። ለሻይና ለቦታ ኪራይ የሚሆን እዚያው ከአባላቱ ይዋጣል፤ የሌላት አትከፍልም። እኔ በበኩሌ ለእኛ አንድ ደንብ እጨምራለሁ፦ በዚህ ቡድን ውስጥ ብድርም ዕቁብም አይኑር። ብር ያበደረችሽ ሴት ፊት «ትናንት ኪኒን ገዛሁ» ብለሽ አትናገሪም።

ምስክርነትና የእሑድ እውነት

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ኅብረት ግልጽ ሆኜ ልናገር። ጸሎት ይቅር፣ ጸበል ይቅር አልልም፤ እግዚአብሔር በአንድ ቀን ነጻ ያወጣቸውን ሰዎች ታሪክ ሁላችንም ሰምተናል። የእኛ ችግር ሌላ ነው። ማይክ የምንሰጠው ለጨረሰችው ብቻ ነው። «ድሮ እንዲህ ነበርኩ፣ ዛሬ ግን ጌታ ይመስገን» ስትል እናጨበጭባለን። ያቺው እህት በአራተኛው ወር ብትወድቅ የት ሄዳ ትናገራለች? ምስክርነት ሰጥታለች፣ ሰው አጨብጭቦላታል፣ ምናልባት መዘምራን ገብታለች። ብትናገር ከመዘምራን ትወርዳለች፣ ስሟ ከእሑድ እስከ እሑድ በስልክ ይዞራል። ስለዚህ ትደብቃለች። የተደበቀ ሱስ ደግሞ ሰውን የሚገድለው ያኔ ነው።

እንዴት ይገድላል? ለወራት ያቆመ ሰውነት መቻሉን ረስቷል። ትራማዶልም ይሁን ሌላ የዚያ ዓይነት መድኃኒት፣ ድሮ ምንም የማይመስላት መጠን ዛሬ ትንፋሿን ሊያቆም ይችላል። ብቻዋን በሩን ዘግታ ወስዳው ከሆነ ደግሞ የሚደርስላት የለም። ለዚህ ነው መውደቅን መናገር የሚቻልበት ቦታ መኖሩ የደግነት ጉዳይ ብቻ ያልሆነው።

በእነዚህ ቡድኖች የወደቀች ሴት አትባረርም። መጥታ «ዛሬ የመጀመሪያ ቀኔ ነው» ትላለች፣ እንደ ገና ይጨበጨብላታል። ለመግባት የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማቆም መፈለግ። መቻል አልተባለም።

ሐሜትን በተመለከተ ዝም ብሎ «አታሙ» ማለት አይበቃም፤ ሁላችንም ተሐምተናል፣ አምተናልም። የሚሠራው ደንብ ይህ ነው፦ ከክቡ የወጣ ወሬ ከተሰማ በሚቀጥለው ስብሰባ በግልጽ ይነሣል። ስም አይጻፍ፣ ፎቶ አይነሣ፣ የድምፅ መልእክት ለሌላ አይተላለፍ። እኛ ባለንበት አገር ወሬው አሠሪ ጆሮ ወይም ፖሊስ ጋር ከደረሰ ነገሩ ሐሜት ሆኖ አይቀርም፤ እስርና ወደ አገር መጠረዝ ነው። በዚሁ አጋጣሚ፦ ጫት በሳዑዲ፣ በኤምሬትስና በኩዌት ክልክል ነው፤ ትራማዶልም ያለ ሐኪም ወረቀት ያስከስሳል። «ይህን ዕቃ ለዘመዴ አድርሺልኝ» የሚል ሰው ቢለምናችሁ እምቢ በሉ።

ቡድን ሐኪም አይደለም

አንድ ነገር ሳይዘነጋ። በየቀኑ አብዝታ ስትጠጣ የኖረች ሴት በድንገት ብታቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ሰውነቷ ሊንቀጠቀጥ፣ እንደ የሚጥል በሽታ ሊጥላት፣ የሌለ ነገር ሊያሳያት ይችላል። ሕይወትም ያሳጣል። ለወራት የተወሰደ የእንቅልፍ ወይም የጭንቀት ኪኒን (ቫሊየም፣ ዛናክስና የመሳሰሉት) እንዲሁ በአንድ ቀን አይጣልም፤ ሐኪም ቀስ በቀስ ነው የሚያስቀንሰው። ትራማዶልንም በሐኪም ምክር እየቀነሱ መተው ይሻላል። እህታችን ላብ በላብ ሆና ስትንቀጠቀጥ አይተን «ጸልዩላት» ብቻ ብለን አንቀመጥ፤ ጸሎቱም ይሁን፣ ክሊኒኩም ይሁን። ደግሞም ሐኪም ያዘዘላትን መድኃኒት «ይሄም ሱስ ነው፣ ጣይው» የማለት ሥልጣን ለማናችንም አልተሰጠም።

ሱሰኛው አገር ቤት ሲሆን

ሎይስን አስታወሳችኋት? በ1951 እርሷና አን የምትባል ጓደኛዋ «አል-አኖን» የሚባለውን የጠጪ ቤተሰቦች ማኅበር መሠረቱ። ለምን? ባሎቻቸው መጠጥ ቢያቆሙም እነርሱ ዘንድ የቀረ በሽታ ነበር፦ ጭንቀት፣ ቁጣ፣ ሰውን ለመቆጣጠር መሮጥ።

ይህ በሽታ ከእኛ ብዙዎቻችን ጋር ነው። ወንድምሽ ጫት ቤት እንደሚውል ሰምተሻል። ብር ስትልኪ «ለትምህርቱ» ትያለሽ፣ እናትሽ «ተምሯል» ትልሻለች፣ ጎረቤት ሌላ ይነግርሻል። ሌሊት በስልክ ትጮኺበታለሽ፤ እርሱ መርቅኖ ነው የሚሰማሽ፣ ነገ አያስታውሰውም። በነጋታው አዝነሽ እንደ ገና ትልኪያለሽ። ሁለት ዓመት ብለሽ የመጣሽው ሰባት ዓመት ሆነሽ።

አል-አኖን የሚያስተምረው ሦስት ነገር ነው፤ በእኔ አባባል ላስቀምጠው። ሱሱን አንቺ አላመጣሽበትም፣ ስደትሽም አላመጣበትም። ከዚህ ሆነሽ ልታዥበት አትችይም። አንቺ ልታድኚውም አትችይም። ይህ ማለት ግን ተይው ማለት አይደለም። በእጁ ብር አትላኪለት፤ የትምህርት ቤቱን ክፍያ ለትምህርት ቤቱ፣ የቤት ኪራዩን ለአከራዩ በቀጥታ አድርጊ። ለጫት የገባውን ዕዳ አትክፈይ። አንድ ጊዜ «ሕክምና ከፈለግህ ከጎንህ ነኝ» በዪውና ስትናገሪው ያልሽውን ፈጽሚ። እናትሽ ታለቅሳለች፣ «ጨከንሽ» ትባያለሽ። ያን ስልክ ከዘጋሽ በኋላ የምትደውይላት፣ ያው ነገር በቤቷ ያለ ሌላ እህት ታስፈልግሻለች። ለዚህ ነው የቤተሰብ ቡድንም ብቻውን የሚቆም ቡድን የሆነው።

ሁለት ከሆናችሁ

በቤይሩትም በዱባይም የሚሰበሰቡ ቡድኖች አሉ፤ በአብዛኛው በእንግሊዝኛና በዓረብኛ ነው። ቋንቋው የሚሆንላት ትሂድ፤ ነጻ ነው፣ ወረቀትም አይጠየቅም። በስልክ የሚደረጉም ብዙ ናቸው። ነገር ግን ልብ የሚናገረው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ነውና የራሳችን ክብ ያስፈልገናል። ለመጀመር ሁለት ሰው ይበቃል፤ የአክሮኖቹም ሁለት ነበሩ።

የዕረፍት ቀን የሌላት፣ ከበር የማትወጣ እህትስ? ለእርሷ ስልኩ ነው ክቡ። ማዳም ከተኛች በኋላ አንድ አጭር የድምፅ መልእክት፦ «ዛሬ አልወሰድኩም» ወይም «ዛሬ ወሰድኩ»። የሚመለስላት «ሰማሁሽ» ብቻ ነው፤ ከዚያ መልእክቱ ይጠፋል። ስልኳን የሚፈትሹባት ከሆነ በቃል ምልክት ተስማሙ፤ «ሩዙ በሰለ» «ሩዙ አረረ» ማለትም ይበቃል። ኪኒን ያላት ደግሞ የተረፈውን እሑድ ታምጣና ሁለታችሁ ሆናችሁ ለፋርማሲ መልሱት፤ አንዷ ለሌላዋ እንዳታስቀምጥላት።

የቡድኑ መሪ በየወሩ ትቀያየር። አንደበተ ርቱዕ የሆነችውን ለዘለዓለም አታስቀምጧት፤ ሰባኪ ትሆንና ሌላው አድማጭ ሆኖ ይቀራል። ቄስም ፓስተርም ቢመጣ በክቡ ውስጥ እንደ ማንኛችንም በተራው ስለ ራሱ ብቻ ይናገር።

ለመወያያ፦ ያዕቆብ 5፥16ንና መክብብ 4፥9-12ን አንብቡ። በእኛ ኅብረት አንዲት እህት «ትናንት ወደቅሁ» ብትል በመጀመሪያ ለማን ትናገራለች? ያ ሰው በማግሥቱ ምን ያደርጋል? አገር ቤት የምንልከውን ብር አስመልክቶ ከመካከላችን «እምቢ» ብላ የምታውቅ ካለች፣ እንዴት እንዳለችው ትንገረን። በሚመጣው እሑድ ከጥናት በኋላ ግማሽ ሰዓት ቀርተን ወንበሩን ክብ አድርገን ብንሞክረው የምትስማሙ፣ ሻይ የምታፈላውን ከአሁኑ ምረጡ።